«ሁለቱም የሉም» ላሉት ብቻ ያልተከፈተው ጥያቄ፦ የድረ ገጽ ቅጽ ብልሽት እንዴት ይፈለጋል?

ገና ከመጀመሬ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። እስከ ዘንድሮ ኅዳር ድረስ ስለ ድረ ገጽ ቅጽ የማውቀው ነገር ቢኖር ሞልቶ «ላክ» የሚለውን መጫን ብቻ ነበር። ታዲያ ምን አግብቶሽ ስለዚህ ትጽፊያለሽ የሚለኝ ይኖራል። ያገባኝማ፣ በአንዲት የተበላሸች ጥያቄ ምክንያት ሐሰተኛ ዜና በስሜ ሊወጣ አንድ ሌሊት ብቻ ቀርቶት ስለነበር ነው። ዜናው በክፍል በተማርነው መስፈርት ሁሉ ሲታይ እንከን አልነበረውም፤ ቁጥር አለው፣ ምንጭ አለው፣ ቆጠራውም ሁለት ጊዜ ተደግሟል። ግን ሐሰት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማርቆስን ብርድ የማታውቁ ካላችሁ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ሌሊት ኑና እዩት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ከበላያችን ደግሞ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የጮቄ ተራራ አለ። ከቆላ የመጣ ፍሬሽ ተማሪ በመጀመሪያው ወር ጋቢ ይገዛል፤ መግዣ የሌለው ከዶርም ጓደኛው ጋር አንድ ብርድ ልብስ ይጋራል። በግቢያችን ያለው የተማሪዎች በጎ አድራጎት ክበብ ብርድ ልብስ እያሰባሰበ ለተቸገሩ ተማሪዎች ያድላል። ዘንድሮ የተገኘው 40 ነበር። ለማን ይድረስ? ክበቡ ቅድሚያውን ሁለቱንም ወላጆቻቸውን ላጡ እንስጥ ብሎ ወሰነ።

ከዚህ በፊት ምዝገባው በወረቀት ነበር። ተማሪው ተሰልፎ ይቆማል፤ ተራው ሲደርስ መዝጋቢው «አባት አለህ? እናትስ?» ይለዋል፤ ከኋላ የቆመው ሁሉ ይሰማል። መልሱን ጮክ ብሎ መናገር አቅቶት ከሰልፍ የወጣ ብዙ ነው ይላሉ የክበቡ ልጆች። ስለዚህ ዘንድሮ ማንም ሳያየው በስልኩ የሚሞላው ቅጽ ይዘጋጅ ተባለ። ጥያቄዎቹን እኛ የሚዲያ ክበብ አባላት እንድንጽፍ፣ ቅጹን ደግሞ አንድ የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ እንዲሠራው ተስማማን። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ።

የቅጹ ሰባተኛ ጥያቄ «ወላጆችዎ በሕይወት አሉ?» ይላል። ምርጫው አራት ነው፦ ሁለቱም አሉ፣ እናት ብቻ አለች፣ አባት ብቻ አለ፣ ሁለቱም በሕይወት የሉም። አራተኛውን የመረጠ ሰው ወዲያው ከሥሩ ሁለት አዳዲስ ሣጥኖች ይከፈቱለታል፤ የአሳዳጊ ሙሉ ስም እና ከአሳዳጊው ጋር ያለው ዝምድና። ሌሎቹን የመረጠ ግን እነዚህን ጥያቄዎች ጭራሽ አያያቸውም። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ዓይነቱ፣ በሌላ ጥያቄ መልስ ላይ ተንጠልጥሎ አንዴ ስለሚታይ አንዴ ስለሚደበቅ ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ አይደለም። በወረቀት መጠይቅ ላይ «መልሱ የለም ከሆነ ወደሚቀጥለው ክፍል እለፍ» የሚል ትእዛዝ ያላየ የለም። በ1999 ዓ.ም. ግንቦት ወር የተካሄደውን ሦስተኛውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንውሰድ። አጭሩ መጠይቅ ለሁሉም ቤተሰብ፣ ረጅሙ ደግሞ ከአምስት ቤተሰብ ለአንዱ ይሞላ ነበር። በረጅሙ ውስጥ ስለ ወሊድ የሚጠይቀው ክፍል ለወንድ አይነበብም። ማን ይነበብለት፣ ማን ይዘለል የሚለውን የሚያየው ቆጣሪው ራሱ ነው። በ2008 ዓ.ም. በወቅቱ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ባካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ግን ጠያቂዎቹ ታብሌት ይዘው ነበር የወጡት፤ እዚያ ጥያቄ የሚዘልለው ፕሮግራሙ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ሰው ይደክመዋል፣ ይዘነጋል፣ ፕሮግራም አይደክመውም። ነገር ግን በወረቀት ላይ ያለው ትእዛዝ ተሳስቶ ቢታተም ቆጣሪው «ኧረ ይሄ ነገር ልክ አይደለም» ብሎ ዳር ላይ ይጽፋል። ፕሮግራም ዳር የለውም።

ቅጹ የተሠራው ጃንጎ በሚባል የድረ ገጽ ማዕቀፍ ነው። ማዕቀፍ ማለት ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ሁሉንም ከዜሮ እንዳይጀምር አስቀድሞ የተዘጋጀ አውታር ነው፤ ቤት ለሚሠራ ሰው ማገሩና ወጋግራው ቆሞ እንደሚቆየው በሉት። እዚህ ላይ ለክፍላችን ልጆች የሚጥም ወሬ አለ። ጃንጎ የተወለደው በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ነው! በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት «ሎውረንስ ጆርናል ወርልድ» የሚባል የአንድ ትንሽ ከተማ ጋዜጣ ነበረ። አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን የተባሉ ሠራተኞቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ጀምረውት፣ በ2005 ለሁሉም ሰው በነጻ ተለቀቀ። ሆሎቫቲ ጋዜጠኝነት ያጠና ሰው ነው። ስሙንም ያወጡለት ጃንጎ ሬይንሃርት በተባለው የጊታር ተጫዋች ነው። የጋዜጣ ቤት ሰዓት ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ታዝዞ ለነገ ይድረስ ነው፤ ማዕቀፉም ለዚያ ጥድፊያ የተሠራ ነው። እኔ ይህን ስሰማ «እንግዲያማ የእኛ ልጅ ነው» አልኩ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። አንድ ቅጽ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው በተማሪው ስልክ ላይ የሚታየው ገጽ ነው። ሣጥን የሚከፍተውና የሚዘጋው ገጹ ላይ ያለ ጃቫስክሪፕት ነው። ሁለተኛው ሩቅ ያለው ሰርቨር ነው፤ እሱ የተላከውን መልስ ይቀበላል፣ ይመረምራል፣ ከመዝገብ ያስገባል ወይም ይመልሳል። ልክ እንደ ግቢያችን በር ዘበኛና እንደ ሬጅስትራር ቢሮ ማለት ነው። ዘበኛው መታወቂያ አይቶ ያስገባል፤ ሬጅስትራሩ ደግሞ ፋይል አውጥቶ ይመረምራል። ሁለቱ አይተያዩም። የዚህ ሁሉ ብልሽት ሥሩ ይኸው ነው፤ ስለ አንዱ ጥያቄ ገጹ አንድ ነገር ያምናል፣ ሰርቨሩ ሌላ ያምናል።

የመጀመሪያው ብልሽት ወዲያው ነው የታየው። በጃንጎ አንድ ሣጥን ስትፈጥሩ ካልከለከላችሁት በቀር የግድ መሞላት ያለበት ተብሎ ይያዛል። ስለዚህ የአሳዳጊ ስም ሣጥን ተደብቆም ቢሆን «ካልሞላችሁኝ አላልፍም» ይላል። እኔና ጓደኞቼ ወላጆቻችን ያሉን ስለሆነ «ሁለቱም አሉ» ብለን «ላክ» ስንጫን ምንም አይሆንም። ቁልፉ ይጫናል፣ ገጹ ንቅንቅ አይልም። ለምን ዝም ይላል? ብራውዘሩ ያልተሞላ የግዴታ ሣጥን ሲያገኝ ሰውየውን ወደዚያ ሣጥን ወስዶ «ይህን ሙላ» ሊለው ይሞክራል፤ ሣጥኑ የተደበቀ ከሆነ ግን ወዴት ይውሰደው? ቅሬታውን ኮንሶል በሚባለው የሠሪዎች መስኮት ላይ ብቻ ይጽፍና መላኩን ይተወዋል። ስልክ የያዘ ተማሪ ኮንሶል አያይም። ጓደኛችን ያንን አይቶ ግዴታውን ከሣጥኑ ላይ አነሳና፣ በምትኩ ሰርቨሩ ላይ «ክሊን» በሚባለው የመመርመሪያ ክፍል ውስጥ «አራተኛው ምርጫ ከመጣ የአሳዳጊ ስም የግድ ይኑር» ብሎ ጻፈ። ትክክለኛው አሠራርም ይኸው ነው። አራተኛውን መርጦ ሞከረው፤ ሣጥኑ ተከፈተ፤ ተላከ። «በቃ አለቀ» አለን። እውነትም አልቆ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ምዝገባው ለአንድ ሳምንት ተከፈተ። ሲዘጋ 96 ተማሪ ተመዝግቧል። ዝርዝሩ በእጄ ገባና ለግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳና ለዚህ ቡለቲን የሚሆን ዜና ጻፍኩ። መሪው አንቀጽ «ለብርድ ልብስ ድጋፍ ከተመዘገቡት 96 ተማሪዎች መካከል ሁለቱንም ወላጆቹን ያጣ አንድም አለመገኘቱን ክበቡ ገለጸ» የሚል ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር፤ እንዴት ያለ መሪ አንቀጽ! ክበቡም ቅድሚያ የሚሰጠው ስለጠፋ በዕጣ ይሁን ወደማለት ሄዶ ነበር።

በማግስቱ ዜናው ሊለጠፍ ማታውኑ አንዲት ፍሬሽ ተማሪ ዶርሜ ድረስ መጣች። ከስናን ወረዳ ናት፤ ለጮቄ ቅርብ ከሆነው። በሩ ላይ ቆማ «እታለም፣ የብርድ ልብሱን ነገር አንቺ ነሽ አሉኝ» አለች። ግቢ አልኳት፤ አልገባችም። «ደጋግሜ ላክሁት፤ እሱ ግን ያው ይመለሳል። የጓደኛዬ ካርድ አለቀ። ሰው አልፈልግም ካለ አልፈልግም ይበል እንጂ» አለችኝ። እኔ ኔትወርኩ ይሆናላ ብዬ ልሸኛት ምንም አልቀረኝም። ግቢያችን ውስጥ ያልሆነ ነገር ሁሉ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው። ሆኖም የዜና አጻጻፍ መምህራችን ዘወትር «ምንጩ ሲነግራችሁ አትመልሱለት፣ አስደግሙት» የሚሉት ትዝ አለኝና «እስኪ እኔ ፊት ሙዪው» አልኳት።

እዚህ ጋ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው። ብልሽት ፍለጋ የመጀመሪያው ሥራ ግምት መደርደር ሳይሆን ብልሽቱን ፊት ለፊት ማየት ነው፤ በተበላሸበት ሰው ስልክ፣ እሱ በሰጠው መልስ። እኔ በራሴ መልስ ብሞክረው ኖሮ «ይሠራል እኮ» ብዬ እመልሳት ነበር። እሷ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ አራተኛውን መረጠች። ከሥሩ ምንም አልተከፈተም። «ላክ» አለችው፤ ገጹ ሄደና ተመልሶ መጣ፤ የሞላችው ሁሉ እንዳለ ነው፤ ስሕተት አለ የሚል ቃል የለም። ሁለተኛ ላከችው፤ ያው። አንድ ቃል ሳልናገር ጓደኛችን ጋ ደወልኩ።

እሱ ላፕቶፑን ይዞ ላይብረሪው በር ላይ አገኘን። መጀመሪያ ያየው ኮንሶሉን ነበር፤ ንጹሕ ነው፣ አንድም ቀይ መስመር የለም። ቀጥሎ የተመለሰውን ገጽ «ኢንስፔክት» በሚባለው መሣሪያ ውስጡን ከፈተው። እዚያ፣ በተደበቀው የአሳዳጊ ሣጥን ውስጥ፣ በቀይ የተጻፈ «እባክዎ የአሳዳጊ ስም ያስገቡ» የሚል ቃል ቁጭ ብሏል! ሰርቨሩ ሥራውን ሠርቷል። ስሕተቱን ነግሯታል። የነገራት ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሆኖ ነው። የስሕተት መልእክቱ የሚጻፈው ከሣጥኑ ጋር ስለሆነ ሣጥኑ ሲደበቅ አብሮ ተደበቀ። እንግዲህ አስቡት፤ ገጹ «ይህ ጥያቄ አይመለከትሽም» ይላታል፣ ሰርቨሩ «ይህን ጥያቄ ካልመለስሽ አልቀበልሽም» ይላታል። ሁለቱንም የሚሉት ወላጅ ለሌለው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ በሰላም ያልፋል።

የእኔ «አንድም አልተገኘም» የሚለው ዜና የተሠራው ከዚህ ነው።

ጓደኛችን ወዲያው የሰርቨሩን መዝገብ ከፈተ። ሰርቨር የመጣለትን ጥያቄ ሁሉ ከነመልሱ ቁጥር ይጽፋል። ቅጹ ተልኮ ከተሳካ ሰውየው «ተመዝግበዋል» ወደሚለው ገጽ ስለሚዛወር 302 የሚል ቁጥር ይጻፋል፤ ካልተሳካ ያው ቅጽ ስለሚመለስለት 200 ይጻፋል። ከተላኩት ውስጥ 302 የሚለውን ቆጠርን፤ 96። 200 የሚለው ግን ከ150 በላይ ነበር። ሁሉም ወላጅ የሌላቸው አይደሉም፤ ስልክ ቁጥር አሳስቶ አርሞ የላከም አለበት። አንዳንዱ ግን በሌሊት በስድስት ሰዓት፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰባት ጊዜ የተላከ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝም። በቆጠርኩት ዝርዝር ውስጥ እነዚህ ሰዎች የሉም፤ እዚህ መዝገብ ውስጥ ግን አሉ። እኔ ማየት የነበረብኝ ይህንን ነበር። 96 ሰው ተመዝግቦ በአንድ ምርጫ ሥር ልክ ዜሮ ሲሆን፣ ዜሮው መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ ይህን አሁን ነው የማውቀው።

ሣጥኑ ግን ለምን አልተከፈተም? ጓደኛችን ሲሞክረው ተከፍቶ ነበር እኮ። ጃቫስክሪፕቱን አወጣውና አነበበልኝ፤ «የተመረጠው ጽሑፍ ‹ሁለቱም በህይወት የሉም› ከሆነ ሣጥኑን ክፈት» ይላል። እኔም ምርጫውን አነበብኩ፤ «ሁለቱም በሕይወት የሉም»። ሁለታችንም ተያየን። ያው ነው አይደል? አይደለም! የእሱ በሃሌታው «ህ» ነው፣ የገጹ በሐመሩ «ሕ» ነው። ማን ቀየረው? ቅጹ ሊከፈት ሲል ጥያቄዎቹን አንዴ አርሚያቸው ተብዬ ነበር፤ እኔ ደግሞ «ሕይወት» በሃሌታው «ህ» ተጽፎ ሳይ አላስችለኝም። አራቱንም ምርጫዎች አቃንቼ፣ ኮርቼ ነበር የመለስኩት። ሆሄ አቃናሁ ብዬ ሰው ዘጋሁ።

ለጆሮ አንድ የሆነው ለኮምፒውተር ሁለት ነው። የእኛ ፊደል ዓለም አቀፍ የሆነውን ዩኒኮድን የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እዚያ ሠንጠረዥ ላይ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው። «ህ» 1205፣ «ሕ» 1215፣ «ኅ» ደግሞ 1285 ነው፤ ቁጥሮቹ ኮምፒውተሮች በሚጠቀሙበት በአሥራ ስድስት መደብ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። «ስ» እና «ሥ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ዩኒኮድ ሲለያቸው አልተሳሳተም፤ በግእዝ የተለያዩ ናቸውና። ጎጃም ውስጥ የቅኔ ቤት ደጅ የረገጠ ሰው «ሠረቀ» በንጉሡ ሲጻፍ መውጣት፣ «ሰረቀ» በእሳቱ ሲጻፍ መስረቅ መሆኑን ያውቃል። በአማርኛ ግን ሁላችንም እንደመጣልን እንጽፋለን፤ አንድ ጋዜጣ እንኳ በአንድ ገጽ ላይ «ሥራ»ንም «ስራ»ንም ያወጣል። እንግዲያውስ በአማርኛ ቃል ላይ ተመሥርቶ ሣጥን መክፈትና መዝጋት በአሸዋ ላይ ቤት መሥራት ነው። እንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው የተዘጋጁ መማሪያዎች ይህንን አይነግሩንም፤ ችግሩ የእኛ ነውና።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለሰው የሚታየው ጽሑፍና ፕሮግራሙ የሚያነጻጽረው ምልክት መለየት አለባቸው። ለእያንዳንዱ ምርጫ ቁጥር ይሰጠዋል፤ «ሁለቱም በሕይወት የሉም» 4 ይሁን፤ ጃቫስክሪፕቱም ሰርቨሩም 4ን ብቻ ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ እኔ ጽሑፉን ወደ ፈለግሁት ሆሄ ባቃናው ምንም አይነካም። ጓደኛችን ይህንን አደረገና ሞከርን፤ አሁንም አልተከፈተም! ልጅቷ በረንዳው ላይ በብርድ ቆማ ታየናለች፤ እሱ ላቡ መጣ። ለካ ከቅጽ የሚመጣ ነገር ሁሉ፣ ቁጥር እንኳ ቢሆን፣ የሚመጣው እንደ ጽሑፍ ነው። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለ «4» እና እርቃኑን ያለ 4 በጥብቁ ማነጻጸሪያ፣ ማለትም በሦስቱ የእኩል ምልክቶች ሲመዘኑ እኩል አይደሉም። ጥቅሱን ጨመረ። ተከፈተ።

ለመሥራት ለምትፈልጉ፣ በዚያ ሌሊትና በማግስቱ ያገኘናቸውን ሌሎቹን ልንገራችሁ። አንዱ፣ የመክፈቻው ትእዛዝ የሚሠራው ሰው ምርጫውን ሲነካ ብቻ ነበር። አራተኛውን መርጦ የአሳዳጊውን ስም ሞልቶ ስልክ ቁጥሩን ያሳሳተ ሰው ገጹ ሲመለስለት ምርጫው እንደተመረጠ ነው፣ ሣጥኑ ግን ተደብቋል፤ ማንም አልነካውማ። ስለዚህ ትእዛዙ ምርጫው ሲነካም፣ ገጹ ገና ሲከፈትም መሠራት አለበት። ሌላው ተቃራኒው ነው። በስሕተት አራተኛውን መርጦ አንድ ስም ከጻፈ በኋላ «ሁለቱም አሉ» ወደሚለው የተመለሰ ሰው ሣጥኑ ይደበቅለታል፣ የጻፈው ስም ግን አብሮ ይላካል። መደበቅ ማለት ከዓይን መሰወር ብቻ ነው፤ ሣጥኑ እንዳይላክ ከተፈለገ «ዲስኤብልድ» ይደረጋል። ለማንኛውም ግን ሰርቨሩ ራሱ «አራተኛው ካልተመረጠ የአሳዳጊውን ስም ባዶ አድርግ» ማለት አለበት። እንዲሁም የስሕተት መልእክት በሣጥኑ ሥር ብቻ ሳይሆን ከቅጹ ራስ ላይም እንዲጻፍ አደረግን፤ ይህ ቢኖር ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን ችግሩን ታውቀው ነበር።

ዞንና ወረዳ የሚያስመርጠውም ክፍል የዚሁ ዘመድ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ሲባል ጎዛምን፣ ማቻከል፣ ስናን፣ አነደድ እያለ የወረዳው ዝርዝር ይመጣል። ሰዉ ወረዳውን መርጦ ሲልክ ግን ሰርቨሩ «የመረጡት በዝርዝሩ ውስጥ የለም» ይለዋል፤ ምክንያቱም ዝርዝሩን ያመጣው ገጹ ነው፣ ሰርቨሩ በራሱ በኩል ያለው ዝርዝር ባዶ ነው። የተላከውን ዞን ቀድሞ አይቶ ዝርዝሩን ከዚያ እንዲሞላ ማድረግ ነው። የልደት ቀኑ ደግሞ ጳጉሜን ሲመረጥ አምስት ቀን ብቻ ያሳይ ነበር። በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ 1995ም እንዲህ ነበር። ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ቀሪው ሦስት ከሆነ ስድስተኛዋ ቀን መታየት አለባት። ይህን የጠቆመን በዚያች ቀን የተወለደ ተማሪ ነው፤ ፈገግ ብሎ «እኔ ድሮም በየቅጹ እንደተሰረዝኩ ነው» አለን።

ፕሮግራም የማያቃናው ጥፋትም ነበረብን፤ ይህኛው የእኛ የጥያቄ ጸሐፊዎቹ ነው። የዝምድናው ዝርዝር «አያት፣ አጎት፣ አክስት፣ ወንድም ወይም እህት» ይልና ያበቃል። አንድ ተማሪ በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ ያደገው የኔታ ቤት፣ በቆሎ ተማሪነት ነው። እሱን ያሳደጉት የኔታ ናቸው፤ ምን ብሎ ይምረጥ? ሌላዋ ደግሞ «እናቴ ሞታለች፣ አባቴ ግን ወደ ቆላ ለሥራ ወርዶ የት እንደደረሰ አይታወቅም» አለችን። «እናት ብቻ አለች» ውሸት ነው፤ «አባት ብቻ አለ» ማለት ደግሞ አፏ እንቢ አላት። በቃለ መጠይቅ ቢሆን «እንዴት?» ብለን እንጠይቃለን፣ ታስረዳለች። ቅጽ «እንዴት?» አይልም፤ እኛ ቀድመን ካልጻፍንለት በስተቀር። «ሌላ» የሚል ምርጫና ሲመረጥ የሚከፈት ባዶ ሣጥን ጨመርን፤ አምስተኛ ምርጫም «የአንዱ ወይም የሁለቱም ሁኔታ አይታወቅም» የሚል ገባ። ይህ ሁሉ ሲጨመር ደግሞ በየመንገዱ መሞከር ግድ ሆነ። ከዚህ በኋላ ጓደኛችን በእያንዳንዱ ምርጫ አንዳንድ ሐሰተኛ ተማሪ ፈጥሮ ቅጹን የሚልክ የመፈተሻ ጽሑፍ ጻፈ፤ አንዲት ሆሄ በተቀየረች ቁጥር እሱ ይሮጣል። እኛም በበኩላችን ሐሳባችንን ትተን የሌላ ሰው ሕይወት ይዘን መሙላት ለመድን፤ የመጀመሪያው ቀን ስሕተታችን አምስታችንም በገዛ ሕይወታችን ብቻ መሞከራችን ነበርና።

በነገራችን ላይ ይህ ነገር በየመስከረሙና በየጥቅምቱ ከማርቆስ ኢንተርኔት ቤቶች ደጅ ይሰለፍ የነበረውን የዲቪ ሞይም ይመለከት ነበር። እዚያም ያገባ ሰው የትዳር ጓደኛውን ካላስገባ ዕጣው ቢወጣለት እንኳ ሊሰረዝበት ይችል ነበር። ሰው ሲሞላላችሁ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ የተከፈተውንም ያልተከፈተውንም ሣጥን እዩ።

ያን ሌሊት ዜናውን አወጣሁትና ቀደድኩት። ጠዋት ላይ የክበቡን ሰብሳቢ አግኝተን ሁሉንም ነገርነው። ምን ያህል እንዳሳፈረኝ አልደብቅም፤ «ቆጥረሽ ነው የጻፍሽው?» ሲለኝ «አዎ፣ ሁለቴ» ማለት ነበረብኝ። ዕጣው ተሰርዞ ምዝገባው ለሦስት ቀን እንደገና ተከፈተ። ግን ሰባት ጊዜ ልኮ ተስፋ የቆረጠ ሰው ስምንተኛ ይሞክራል ብለን ስላላመንን፣ ማስታወቂያውን በቴሌግራም ከመላክ ሌላ በየብሎኩ በር ላይ በእጅ ጽፈን ለጠፍን፤ «ቅጹ ያልተቀበላችሁ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እባካችሁ ደግማችሁ ሞክሩ» የሚል። በሦስቱ ቀን 31 ተጨማሪ ሰው ተመዘገበ። አራተኛውን የመረጡት 11 ነበሩ፤ አምስተኛውን አራት።

ከስናን የመጣችው ልጅ ግን ያንኑ ሌሊት፣ ላይብረሪው በር ላይ፣ በጓደኛችን ላፕቶፕ ነው የሞላችው። ሣጥኑ ተከፈተላት። የአያቷን ስም ልትጽፍ ጀመረችና ቆመች፤ ስማቸው ውስጥ «ኃይለ» የሚል አለበት። «እታለም፣ በየትኛው ‹ሀ› ነው?» አለችኝ። ጓደኛችን ቀና ብሎ አየኝ። «እንደመጣልሽ ጻፊው» አልኳት። ጻፈችው፤ ላከችው፤ ቁጥር 97 ሆና ገባች።